ከግሪስለሃምን እስከ ቱርኩ፦ የኦላንድን ደሴቶች በጥንቱ የፖስታ መንገድ ማቋረጥ

በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ የተበተኑት የኦላንድ ደሴቶች ከ6,700 ይበልጣሉ፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን 60 ያህሉ ናቸው። ነዋሪው በጠቅላላ 30,000 ገደማ ነው። ግዛቱ የፊንላንድ ሆኖ ራሱን ያስተዳድራል፤ የራሱ ምክር ቤት፣ ባንዲራና የፖስታ ቴምብር አለው፤ የሥራ ቋንቋው ስዊድንኛ ብቻ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ከስቶክሆልም በትልቁ መርከብ መጥቶ ዋና ከተማዋ ማሪየሃምን ውስጥ ግማሽ ቀን ይዘዋወርና ወደመጣበት ይመለሳል። እኛ የምንመክረው በምዕራብ ገብቶ፣ ሳይመለሱ፣ በምሥራቅ መውጣትን ነው።

እንዲህ የምንለው በታሪኩ ምክንያት ነው። ፊንላንድ የስዊድን አካል በነበረችበት ዘመን፣ በ1638፣ ከስቶክሆልም እስከ ፊንላንዷ ከተማ ቱርኩ የሚደርስ የፖስታ መንገድ ተቋቋመ። ደብዳቤው ከስዊድን ጠረፍ በቀዘፋ ጀልባ ተነስቶ በኦላንድ ምዕራብ ጫፍ ያለችው ኤከሮ ይደርሳል፤ ዋናውን ደሴት በየብስ ያቋርጣል፤ ከዚያ እንደገና ከደሴት ደሴት እየተቀባበለ ፊንላንድ ይገባል። የኤከሮ ፖስታ ቤት፣ የካስቴልሆልም ግንብ፣ የቡማርሱንድ ምሽግ ሁሉም በዚህ መስመር ላይ የተሠሩ ናቸው። መስመሩን የያዘ ወሬውንም የጦር መተላለፊያውንም ይይዝ ነበርና። መንገዱን ተከትሎ የሄደ ሰው አንዱን ስፍራ ሲያይ የሚቀጥለው ለምን እንደተሠራ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሳት በፊት

ኦላንድ በሸንገን ክልል ውስጥ ናት። ከኢትዮጵያም ሆነ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ኢትዮጵያዊ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። በስዊድን፣ በጀርመን ወይም በጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ወገናችን ተጨማሪ ቪዛ አይጠየቅም፤ ሆኖም የመኖሪያ ካርዱን ብቻ ሳይሆን ፓስፖርቱንም ይያዝ። በሌላ በኩል ደሴቶቹ ከአውሮፓ ኅብረት የግብር ክልል ውጭ ናቸው። ፊንላንድ በ1995 ኅብረቱን ስትቀላቀል ኦላንድ በልዩ ፕሮቶኮል የገባችው እንዲህ ሆና ነው። ከስቶክሆልም ወደ ቱርኩና ወደ ሄልሲንኪ የሚሄዱት ግዙፍ መርከቦች ኦላንድ ላይ ቆም የሚሉትም ለዚህ ነው፤ እዚህ ከደረሱ ከቀረጥ ነፃ መሸጥ ይፈቀድላቸዋል። ተጓዡ ግን ከደሴቶቹ ወደ ስዊድንም ሆነ ወደ ፊንላንድ ሲሻገር የጉምሩክ ገደብ እንዳለበት አይዘንጋ።

ስለ ሰዓት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ኦላንድ የምትጠቀመው የፊንላንድን ሰዓት ነው፤ ከስዊድን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው የበጋ አቆጣጠር ደግሞ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ትሆናለች። የመርከብ መርሐ ግብሮች የሚጻፉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ሲሆን የሚያሳዩት የየወደቡን የአካባቢ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከስዊድን በ15፡00 (ከቀኑ 9 ሰዓት) የተነሳ መርከብ ሁለት ሰዓት ተጉዞ 18፡00 (ከምሽቱ 12 ሰዓት) ኤከሮ ይደርሳል። ሦስት ሰዓት የፈጀ ይመስላል፤ አንዱ ሰዓት የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ስልኩ በባሕር መካከል የሁለቱን አገሮች ኔትወርክ እየለዋወጠ ሊያምታታ ስለሚችል መርከብ ለመሳፈር በስልክ ሰዓት ብቻ አትተማመኑ።

ወቅቱ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በኋላ የስዊድንና የፊንላንድ ትምህርት ቤቶች ስለሚከፈቱ ሙዚየሞች የመክፈቻ ሰዓታቸውን ያሳጥራሉ፤ የትናንሾቹ ፌሪዎች ምልልስም ይቀንሳል። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4፡30 በኋላ ነው። የበጋ እኩሌታ በዓል የሚከበርበት ዓርብና ቅዳሜ (በሰኔ 20 እና 26 መካከል ያለው ቅዳሜና ዋዜማው) በየመንደሩ በቅጠልና በወረቀት ያሸበረቀ ረጅም ምሰሶ ይተከላል፤ እጅግ ያምራል። ሱቅና አውቶቡስ ግን ስለሚዘጋ ስንቅ ቀድሞ መያዝ ግድ ነው።

መገበያያው ዩሮ ነው፤ ካርድ በሁሉም ስፍራ ይሠራል። ድንኳን ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ በስዊድንና በዋናው ፊንላንድ በማንም መሬት ላይ ለአንድ ሌሊት ድንኳን መትከል የተለመደ መብት ሲሆን በኦላንድ ግን የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በየደሴቱ የተዘጋጁ የድንኳን ስፍራዎችና ትናንሽ የእንጨት ጎጆዎች ስላሉ ችግር የለም፤ የሐምሌን ጎጆ ግን በግንቦት ማስያዝ ይሻላል።

አንደኛ ቀን፦ ግሪስለሃምን፣ ባሕሩ፣ ኤከሮ

ግሪስለሃምን ከስቶክሆልም በስተሰሜን፣ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚያስኬድ ትንሽ የወደብ መንደር ነው። ከስቶክሆልም ከመርከቡ ሰዓት ጋር የተገናኘ አውቶቡስ ስላለ ሁለቱን ቲኬት አንድ ላይ መግዛት ይቻላል። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቲኬቱ ዓይነት ነው። ርካሹ የሽርሽር ቲኬት ደርሶ በዚያው መርከብ መመለሻ ሲሆን ወርዶ ለመቅረት አይሆንም። “የአንድ መንገድ” ወይም “የመስመር ጉዞ” የሚለውን ምረጡ፤ ብስክሌት ካለም በቦታ ማስያዣው ላይ አስመዝግቡ።

ይህን ባሕር የፖስታ ገበሬዎች በቀዘፋና በሸራ ጀልባ 270 ዓመት ያህል፣ እስከ 1910 ተመላልሰውበታል። በመንገዱ ዳር መሬት ያላቸው ገበሬዎች ፖስታውን ለማድረስ ግዴታ ገቡ፤ በምላሹ ከወታደርነት ነፃ ሆኑ። ነገሩ በጎ ልውውጥ ይመስላል። ነገር ግን ባሕሩ በክረምት አጋማሽ እንደ ድንጋይ አይጠነክርም፣ እንደ ውኃም አይከፈትም፤ ሰዎቹ ጀልባውን በበረዶው ላይ ይጎትታሉ፣ በረዶው ሲከዳቸው ዘለው ይገቡበታል። ብዙዎች በዚሁ ሥራ ላይ ሞተዋል። ዛሬ ለመታሰቢያቸው በየዓመቱ በአሮጌ ዓይነት ጀልባዎች የሚደረግ ውድድር አለ።

ከመርከቡ ማረፊያ እስከ ስቱርቢ መንደር በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ የሚጠብቀው የፖስታና የጉምሩክ ቤት ለመንደሩ ከልክ በላይ ትልቅ ነው፤ የተሠራውም ሆን ተብሎ እንዲያ ነው። ስዊድን በ1809 ፊንላንድንና ኦላንድን ለሩሲያ ስትለቅ ኤከሮ የሩሲያ ግዛት የምዕራብ ጫፍ ሆነች። ከስዊድን የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የንጉሠ ነገሥቱ ሕንጻ ይህ ነበር። ንድፉ የሄልሲንኪን የሴኔት አደባባይ የነደፈው የካርል ሉድቪግ ኤንገል ሲሆን ሥራው በ1828 ተጠናቀቀ። በጎን ወደ ውስጥ ግቡና ግቢውን እዩ፤ ፈረሶች፣ ጋሪዎችና የፖስታ ሠራተኞች የሚገቡበት ስፋት ያኔ ይታያል። ትንሹ የፖስታ ሙዚየም በበጋ ይከፈታል።

አዳር በኤከሮ ይሁን። የቼሪንግሱንድ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ቅርብ ነው፤ ቀይና ግራጫ የጀልባ ማስቀመጫ ቤቶቹ በምሽት ብርሃን መታየት አለባቸው።

ሁለተኛ ቀን፦ በቀዩ መንገድ ወደ ማሪየሃምን

ከኤከሮ ማሪየሃምን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ ቁጥር 1 ያደርሳል፤ ብስክሌት ግን ለዚህ አገር የተፈጠረ ነው። የኦላንድ አስፋልት ቀይ ነው፤ የሚሠራበት ጠጠር የተፈጨ ቀይ የአገሩ ግራናይት ስለሆነ። መንገዱ በአብዛኛው ሜዳማ ነው፤ የደሴቶቹ ከፍተኛ ጫፍ ኦርዳልስክሊንት እንኳ 129 ሜትር ብቻ ነው። የሚያደክመው ንፋሱ ነው። በበጋ አዘውትሮ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ በመሆኑ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ከጀርባው ይገፋዋል፤ ከተቃራኒው የሚመጣው ስድስቱንም ቀን ይታገለዋል። ጉዞውን ከኤከሮ መጀመር ለዚህም ይጠቅማል።

ማሪየሃምን በ1861 የተቆረቆረች፣ በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ አሌክሳንደር ሚስት በእቴጌ ማሪያ የተሰየመች ከተማ ናት። በሁለት ወደቦች መካከል ባለ ጠባብ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚያገናኘው በዛፍ የተሰለፈ ጎዳና በእግር ሩብ ሰዓት ብቻ ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ ለምዕራብ ወደብ ስጡት።

እዚያ የቆመችው ፖመርን በ1903 ግላስጎው ውስጥ የተሠራች ባለ አራት ምሰሶ የብረት መርከብ ናት። ሞተር ኖሯት አያውቅም። ከዓይነቷ የንግድ መርከቦች እንደተሠራች የቀረች እሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ወይ ሰምጠዋል፣ ወይ ተቆራርጠው ብረታቸው ተሸጧል፣ ወይ ለሥልጠናና ለሌላ ሥራ ተለውጠዋል። የማሪየሃምኑ ባለመርከብ ጉስታፍ ኤሪክሰን በ1923 ገዛት። ሌላው ዓለም ወደ እንፋሎትና ናፍጣ ሲዞር እሱ የሸራ መርከቦችን በርካሽ እየሰበሰበ የአውስትራሊያን ስንዴ በኬፕ ሆርን በኩል ወደ አውሮፓ ያመላልስ ነበር። እንዴት አዋጣው? ነዳጅ አይገዛም፤ መርከቦቹን ኢንሹራንስ አያስገባም፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሙያውን ለመማር ራሳቸው የሚከፍሉ ወጣቶች ናቸው፤ ስንዴ ደግሞ ለቸኮለ ደንበኛ የሚላክ ዕቃ አይደለም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ንግድ አዳከመው፤ ከጦርነቱ በኋላም ብዙ አልቆየም።

መርከቧ ላይ ስትወጡ ከወለሉ ወደ ጭነት ክፍሉ ውረዱ። ባዶው ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲታይ 4,000 ቶን ያህል ጭነት ምን ማለት እንደሆነ ይገባል። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳችሁ የሸራ ማሰሪያ እንጨቶቹን ቁጠሩ፤ ይህን ሁሉ በእጅ የሚያስተዳድሩት 26 ያህል ሰዎች ነበሩ። የባሕር ሙዚየሙ አጠገቧ ነው፤ አንድ ቲኬት ለሁለቱም ያገለግላል። ከሁለት ሰዓት ተኩል ያነሰ ጊዜ አትያዙ።

ሦስተኛ ቀን፦ የምክር ቤቱ ከተማ፣ ከዚያ ካስቴልሆልም

ጠዋት ወደ ምሥራቅ ወደቡ በኩል የኦላንድ ምክር ቤት፣ ላግቲንግ፣ የሚሰበሰብበት ሕንጻ አለ። ሕንጻው ዘመናዊና ለዓይን የማይከብድ ነው፤ የቆመለት ነገር ግን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀላል አይደለም።

ፊንላንድ በ1917 ከሩሲያ ስትለይ ኦላንዶች ወደ ስዊድን መመለስ ፈለጉ። በፊርማ ጠየቁ። መሪዎቻቸው ዩሊዩስ ሱንድብሎምና ካርል ቢዮርክማን በ1920 በአገር ክህደት ተከሰው ታሰሩ። ጉዳዩ ጄኔቫ ላለው የመንግሥታት ማኅበር ቀረበ፤ የማኅበሩ ምክር ቤት በሰኔ 24 ቀን 1921 ወሰነ። ደሴቶቹ የፊንላንድ ይሁኑ፣ ፊንላንድ ግን ቋንቋቸውን፣ ባህላቸውንና መሬታቸውን የመጠበቅ ዋስትና ትስጥ፣ ጦር እንዳይሰፍርባቸውም በአዲስ ስምምነት ይጽና ተባለ። ስዊድን ቅር ቢላትም ተቀበለች። በጥቅምት 20 ቀን 1921 አሥር መንግሥታት የገለልተኝነቱን ውል ፈረሙ። የመጀመሪያው ምክር ቤት ሰኔ 9 ቀን 1922 ተሰበሰበ፤ ቀኑ ዛሬም በዓል ነው።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1923 የዚሁ ማኅበር አባል ስትሆን በዚህ ዓይነት ፍርድ አምና ነበር። ከዚያ 1935 መጣ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሰኔ 30 ቀን 1936 በጄኔቫ ቆመው ወረራውን ለዓለም አሰሙ፤ ማኅበሩም አላዳነንም። የኦላንዱ ፍርድ የጸናው ሁለቱ ባለጉዳዮች ውሳኔውን ስለተቀበሉ ነው፤ በእኛ ጊዜ ግን ወራሪው አንድ ታላቅ መንግሥት ነበር፣ ሌሎቹ ታላላቆችም ሊያስቆሙት አልፈለጉም። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ይዞ እዚህ ሕንጻ ፊት መቆም ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። የውሳኔው ውጤት ዛሬም በሕይወት አለ። በኦላንድ መሬት ለመግዛትና ለምክር ቤቱ ለመምረጥ “የትውልድ አገር መብት” የሚባለው የነዋሪነት መብት ያስፈልጋል፤ ከሄልሲንኪ የመጣ ፊንላንዳዊም ወዲያው አያገኘውም።

እኩለ ቀን ላይ በአውቶቡስ ቁጥር 4 ወይም በብስክሌት ወደ ካስቴልሆልም፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግንቡ በጽሑፍ የተጠቀሰው መጀመሪያ በ1388 ነው። ሲሠራ ዙሪያውን ውኃ ነበረ፤ በበረዶ ዘመን ክብደት ተጭኖ የነበረው ምድር አሁንም በዓመት ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ባሕሩ ሸሸ፤ ዛሬ ከግንቡ ሥር ሣር በቅሏል። በ1571 ከዙፋኑ የወረደው የስዊድን ንጉሥ ኤሪክ አሥራ አራተኛ ከሚስቱ ከካሪን ሞንስዶተር ጋር እዚህ ታስሮ ነበር። በ1660ዎቹ ደግሞ በጥንቆላ የተከሰሱ ሴቶች እዚህ ቀርበው ሞት ተፈርዶባቸዋል። በ1745 እሳት አብዛኛውን አወደመው። ጠባቦቹ ደረጃዎች በዝናብ ቀን ያሟልጫሉ፤ ጫማ ምረጡ።

ከግንቡ አጠገብ ያን ካርልስጎርደን የተባለው ክፍት የገበሬ መንደር ሙዚየም፣ ቀጥሎም ከ1784 እስከ 1975 ያገለገለው “ነጭ ድብ” የተባለ እስር ቤት አለ። እስር ቤቱ ትንሽ ቢሆንም የተለያዩ ዘመናት ክፍሎችን ስለሚያሳይ አትለፉት።

እዚህ አካባቢ የኦላንድ ፓንኬክ ቅመሱ። በምጣድ የሚጋገር ስስ ቂጣ አይደለም፤ በትሪ ምድጃ ውስጥ የሚበስል ወፍራም ነው። አንድ ሊትር ወተት ከአንድ ዴሲሊትር ሴሞሊና ጋር ገንፎ ይሠራል፤ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ሦስት አራት እንቁላል፣ አንድ ዴሲሊትር ስኳር፣ አንድ ወይም ሁለት ዴሲሊትር ዱቄት፣ ትንሽ ጨውና ሁለት የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል ይገባበታል፤ ቅቤ በተቀባ ትሪ በ200 ዲግሪ ጫፉ ቡናማ እስኪሆን ይጋገራል። ገንፎው ሳይቀዘቅዝ እንቁላል የጨመረበት ሰው እንቁላሉ ይበስልበትና ይቋጥራል። የሚቀርበው ከደረቀ ፕሪም በተሠራ ማባያና ከተመታ ክሬም ጋር ነው። የፍልሰታን ጾም የሚጾም ተጓዥ ግን ይህን ትቶ ድንች፣ አትክልትና ፖም ላይ ያተኩር፤ ጥቁሩና ጣፋጩ የኦላንድ ዳቦ እንኳ ብዙ ጊዜ እርጎ መሰል ወተት ስላለው “ቬጋንስክ” (ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ።

አራተኛ ቀን፦ ቡማርሱንድ

ይህ ቀን ሙሉውን ለአንድ ስፍራ ነው። ከካስቴልሆልም አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ መንገዱ ሳይታሰብ በፍርስራሽ መካከል ያልፋል፤ ግራና ቀኙ የዋናው ምሽግ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ወደ አዲሱ የጎብኚዎች ማዕከል ግቡና የምሽጉን ሞዴል እዩ፤ ሞዴሉን ሳያዩ ፍርስራሹን ማየት ትርጉሙን ያሳጣል።

ሩሲያ ግንባታውን በ1832 ስትጀምር ሐሳቧ ትልቅ ነበር። ባሕሩን የሚያይ ግማሽ ክብ ዋና ምሽግ፣ ዙሪያውን ደግሞ ወደ አሥራ አራት የሚጠጉ ማማዎች። ዋናው ምሽግ 115 የመድፍ መስኮቶች ነበሩት። ጦርነቱ ሲደርስ ያለቁት ማማዎች ግን ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ብሬንክሊንት፣ ኖትቪክና ፕሬስቶ። ከኋላ፣ ከየብሱ በኩል ሊኖሩ የሚገባቸው አልተሠሩም።

በክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች በ1854 ወደ ሉምፓርን ገቡ። ሉምፓርን በጥንት ዘመን ተወርዋሪ ድንጋይ ከሰማይ ወድቆ የፈጠረው ሰፊ ባሕር ነው። በሰኔ በነበረው የመጀመሪያ ግጭት ላይ ቻርልስ ሉካስ የተባለ የ20 ዓመት መኮንን “ሄክላ” በተባለች መርከብ ወለል ላይ የወደቀውን ያልፈነዳ ቦንብ አንስቶ ወደ ባሕር ወረወረው፤ የእንግሊዝ የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻን ከተሰጠባቸው ድርጊቶች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። በነሐሴ 10,000 ያህል የፈረንሳይ ወታደሮች ወረዱ። ምሽጉ የተዘጋጀው ለባሕር ነበር፤ እነሱ ከኋላ ካሉት ኮረብቶች መድፍ ተከሉ። ማማዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ነሐሴ 16 አዛዡ ቦዲስኮ እጅ ሰጠ፤ 2,000 ያህል ሰው ተማረከ። ድል አድራጊዎቹ ምሽጉን በባሩድ አፈረሱት። ከፍርስራሹ ጡቦች ብዙው ወደ ሄልሲንኪ ተወስዶ በ1868 የተመረቀው የኡስፔንስኪ ኦርቶዶክስ ካቴድራል ተሠራበት።

ግድግዳውን በቅርብ ስታዩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የፊቱ ግራናይት ስድስት ማዕዘን ተደርጎ ተጠርቦ እርስ በርስ ተቆላልፏል፤ ይህን የሠሩት እስረኞችና ወታደሮች ጭምር ናቸው። ከግራናይቱ በስተኋላ ያለው ግን ጡብ ነው። ድንጋዩ የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ልባሱ ቀጭን ነበር፤ የመድፍ ጥይት ደጋግሞ ሲመታው ይሰነጠቅና ከጡቡ ይላቀቃል። የሽንፈቱ ግማሽ ምክንያት እዚያው ግድግዳው ላይ ይነበባል።

ከዚያ ወደ ኖትቪክ ማማ ውጡ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ሽቅቡ ግን ድንጋያማ ነው። ከላይ ሲታይ ምሽጉ ምን ሊጠብቅ እንደተቀመጠ፣ የትኛው ኮረብታ ደግሞ ክፍት እንደቀረ በአንድ እይታ ይታያል። ሁለት ሰዓት የተነበበው ታሪክ እዚህ በደቂቃ ይጠራል።

ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ተሻግራችሁ ፕሬስቶ ደሴት ሂዱ። እዚያ በዛፎች መካከል የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የሉተራን፣ የሙስሊምና የአይሁድ መካነ መቃብሮች ለየብቻ አሉ፤ የሩሲያ ጦር ሠራዊት ከብዙ ሕዝብ የተውጣጣ ነበርና። ዱካውን የሚያሳይ ምልክት ስላለ አይጠፋም። ረጅም ሣር ውስጥ ግን አትግቡ፤ ምክንያቱን በነገው ቀን እንነግራችኋለን።

በ1856 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ሩሲያ በኦላንድ ዳግም ምሽግ ላትሠራ ቃል ገባች። የደሴቶቹ ከጦር ነፃነት የሚጀምረው ከዚህ ፍርስራሽ ነው።

አምስተኛ ቀን፦ ቮርዶና ኩምሊንጌ

ከፕሬስቶ ወደ ቮርዶ የምታሻግረው ትንሿ ፌሪ በገመድ የምትሳብ ስትሆን ያለ ክፍያ በደቂቃዎች ታደርሳለች። ከዚያ መንገዱ ሁመልቪክ ወደብ ላይ ያበቃል፤ ከማሪየሃምን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ የሰሜን መስመር ፌሪ ትነሳለች፦ ኤንክሊንጌ፣ ኩምሊንጌ፣ ላፖ፣ ቶርስሆልማ።

ጉዞ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። መርሐ ግብሩ በየዕለቱ አንድ አይደለም፤ የሰኞው ከማክሰኞው፣ የቅዳሜው ከእሑዱ ይለያል። አንዳንድ ማረፊያ ላይ መርከቧ የምትቆመው ቀድሞ ለነገራት ብቻ ነው፤ በዝምታ ወደብ ላይ የቆመ ሰው መርከቧ ከሩቅ ስታልፍ ያያታል። መኪና ያለው ቦታ ማስያዝ አለበት፤ ሐምሌ ላይ ያላስያዘ ይቀራል። ስትሳፈሩ የምትወርዱበትን ደሴት ለሠራተኛው ተናገሩ፤ ተሽከርካሪዎች የሚደረደሩት በሚወርዱበት ቅደም ተከተል ነው። ኩምሊንጌ ደግሞ ሁለት የተራራቁ ማረፊያዎች አሏት፦ በዚህ መስመር ያለው ዋናው፣ እና ከሎንግኔስ የሚመጣው ሌላ መስመር የሚቆምበት ስኔኮ። የነገውን መርከብ ከየትኛው እንደምትሳፈሩ ዛሬውኑ አረጋግጡ።

ስለ ሎንግኔስ ካነሳን፣ ከስቶክሆልምና ከቱርኩ የሚነሱት የሌሊት መርከቦች በአብዛኛው ማሪየሃምን ሳይሆን ሎንግኔስ ላይ ይቆማሉ፣ ያውም በውድቅት። ወደቡ ከማሪየሃምን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። በትልቁ መርከብ መምጣት የሚፈልግ የቀኑን ይምረጥ።

ኩምሊንጌ ላይ የሚታየው የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ነው። ከውጭ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ውስጡ ግን ከ1500 አካባቢ የቀረ የግድግዳ ሥዕል ሞልቶታል። በጣና ገዳማት ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፈው አይደለም፤ እዚህ ቀለሙ በቀጥታ በኖራው ልስን ላይ ነው። ስለዚህ እርጥበት ቀንደኛ ጠላቱ ነው፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ መጠጋትና በእጅ መንካት ክልክል መሆኑ ተገቢ ነው። በ1808 የስዊድንና የሩሲያ ጦርነት ደግሞ የአካባቢው ገበሬዎች ከስዊድን ወታደሮች ጋር ሆነው በዚህች ደሴት ላይ የሩሲያን ጦር ማርከዋል።

አሁን ረጅም ሣር ውስጥ አትግቡ ያልንበትን ምክንያት፣ መዥገርን፣ እንይ። በመዥገር የሚተላለፈው የአንጎል ቫይረስ በዚህ አገር “የኩምሊንጌ በሽታ” ተብሎ እስከመጠራት ደርሷል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች እንደተለመደው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ልዩነት ስላላቸው በሰኔ የሚጓዝ በመጋቢት መጀመር አለበት። ሌላው ቦረሊያ የሚባለው ነው፤ ክትባት የለውም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክ ይድናል። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ አስገቡ፤ ማታ ብብት፣ ጉልበት ጀርባና የጆሮ ኋላ ፈትሹ። የተጣበቀ ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ቅቤም ቫዝሊንም አትቀቡበት። በቀጣዮቹ ሳምንታት በስፍራው የሚሰፋ ቀይ ክብ ከታየ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ስድስተኛ ቀን፦ ላፖ፣ ብሬንዶ፣ ፊንላንድ

በጠዋቷ ፌሪ ላፖ ላይ ወርዶ በሚቀጥለው መርከብ መቀጠል ይቻላል፤ መካከሉ ላይ ያለው ሰዓት ትንሹን የደሴት ሕይወት ሙዚየም ለማየት ይበቃል። የእንጨት ጀልባዎቹን አሠራር እዩ፤ ሳንቃው አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ ተደርቦ የሚቸነከርበት የሰሜን አገር ዘዴ ነው፤ ቀላል ስለሆነ በረዶ ላይ የሚጎተተው እንዲህ ያለ ጀልባ ነበር።

ቶርስሆልማ ላይ ከወረዱ በኋላ ብሬንዶ ይጀምራል። ትናንሽ ደሴቶች በድልድይና በድንጋይ ሙሌት ተያይዘው መንገዱ በባሕር ላይ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይቀጥላል፤ ከጉዞው ሁሉ ለብስክሌት የሚያምረው ይህ ነው። ውኃ በመንገድ ላይ ስለማይገኝ ሁለት ሊትር ያዙ። ኦቫ ወደብ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተሳፍራችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተጉዛችሁ ኡስኔስ ትወርዳላችሁ። እዚያ ቋንቋው ፊንላንድኛ ነው፤ ምልክቱም ላይ “ቩኦስናይነን” የሚል ስም ታገኛላችሁ፤ ያው ወደብ ነው።

ከኡስኔስ በኩስታቪ በኩል ቱርኩ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቱርኩ ሄልሲንኪ ደግሞ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል። ከኩስታቪ የሚነሳው አውቶቡስ ቅዳሜና እሑድ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ ጉዞውን እሑድ ከግሪስለሃምን ጀምሩት፤ ስድስተኛው ቀን ዓርብ ይውላል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የበጋ ቤት ያላቸው ሰዎች ከየብስ ወደ ደሴቶቹ ስለሚጎርፉ ሰልፉ በወዲያኛው ወደብ ነው፤ ከኦቫ ለሚወጣ ሰው ቦታ በቀላሉ ይገኛል።